የታችኛዋ ላ

ቡልቻ ድንኳኑ ደፍ ላይ ሲደርስ ለቅሶው ቆመ።

ጉድ ነው መቼም። ለቅሶ ቤት ሰው ሲገባ ለቅሶ ይነሳል እንጂ አይቆምም። አዲስ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ ሲገባ የቤቱ እመቤት ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፣ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ይቀበሏታል፣ ገቢውም እንባ ያለው ያነባል፣ የሌለው ፊቱን በጋቢው ጫፍ ይሸፍናል። ድሬዳዋ ውስጥ የኖረ ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ይህን ወግ ያውቀዋል። የሟቹ ሚስት ይርገዱ ግን ቀና ብላ የመጣው ማን እንደሆነ ስታይ "አለሜ፣ አለሜ" እያለች የጀመረችውን ሙሾ ከመሐሉ ቆረጠችው። ሴቶቹ ለጥቂት ጊዜ ብቻቸውን ቀጠሉና መሪያቸው እንደተወቻቸው ሲያውቁ እነሱም አንድ በአንድ ዝም አሉ። ውጭ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ላይ ቁራዎች ይጮኻሉ፤ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ቡልቻ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ትከሻው የሰፋ፣ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሃያ ዓመት ብረት የቀጠቀጠ ሰው ነው።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ይርገዱ" አለ።

"ይቀመጡ" አለችው። "ለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም።"

ይቀመጡ አለችው፣ እንግዲህ ልብ በሉ። ድሬ ላይ ሰው ለጳጳስ ካልሆነ በቀር እርስዎ አይልም። ልጅ አባቱን አንተ ይላል፣ ጨው የምትቸረችር ሶማሌ ዳኛውን አንተ ትላለች፣ የሚቀየም የለም። ይርገዱም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "አንተ ቡልቻ፣ አንተ ሆዳም፣ ና ምሳህን ብላ" ስትለው የኖረች ሴት ናት። ያን ሁሉ ሰው ሰብስባ ባለችበት እርስዎ ስትለው ፊቱ ላይ በር እንደዘጋችበት እሷም ታውቃለች፣ ድንኳኑም ያውቃል።

ሄዶ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ካለችው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ዓብዱልአዚዝ ነበር። ዓብዱልአዚዝ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት የነበረ፣ ዛሬ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ጨዋ ሰው ነው። ከሟቹም ከቡልቻም ጋር ሳይጣላ የቀረ ብቸኛው ሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጠጋ አለለትና ከቡና ገለባ የተፈላ ሐሸር በብርጭቆ አቀበለው። ከሴቶቹ መሐል አንዷ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ፣ ለሰው ጆሮ እንዲደርስ በሚያንሾካሹኩት አይነት፣ "ምን ዓይን አለው ይሄ ሰውዬ" አለች። ቡልቻ ብርጭቆውን አየ እንጂ ቀና አላለም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ እንባም አልነበረውም። የዚያን ዕለት ማለዳ በጥገና ክፍሉ በር ላይ "አለምብርሃን አረፈ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ይቀበራል" ብለው ሲነግሩት በመጀመሪያ የተሰማው ነገር ደስታ ነው። አዎ፣ ደስ አለው። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ሰው መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ማዶ እየተሻገረ ኖሯል፤ አሁን መሻገር ቀረ። ደስታው ግን የያዛትን ብሎን አጥብቆ ሳይጨርስ ጠፋና በቦታው አንድ ጥያቄ ገባ። ቀብሩ ላይ ከሩቅ ቆሞ ሲያይ ያ ጥያቄ አብሮት ነበር፤ ወደ ድንኳኑም ያመጣው እሱ ነው። ለማልቀስ አልመጣም። ያ ሰው በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ፣ በሕመሙም ይሁን በደህናው ጊዜ፣ ቡልቻ የት ደረሰ ብሎ እንደሆነ ለማወቅ ነው የመጣው።

አለምብርሃን ቀን ቀን በጣቢያው የጭነት ቢሮ ወረቀት የሚሞላ ቀጭን፣ መነጽራም ጸሐፊ ነበር። ከሥራ ሲወጣ በከዚራው የሠራተኞች ክበብ ፒያኖ ፊት ይቀመጥና ሌላ ሰው ይሆናል። ፒያኖው ጣሊያኖች ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ነው፤ አጨዋወቱን ያስተማረው ደግሞ አንድ ግሪክ ሽማግሌ ነው። ቡልቻን ያገኘው በአንድ የተሰበረ ዕቃ ምክንያት ነበር። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ የሰው ቁመት ያለው፣ አራት ክር ያለው፣ ቆመው የሚጫወቱት ኮንትሮባስ የሚሉት መሣሪያ አንገቱ ተሰብሮ ተጥሎ ነበርና የሚጠግነው ሰው ሲፈልግ ወደ ጥገና ክፍል ላኩት። ቡልቻ አንገቱን በሁለት ሳምንት ሠራው። ከዚያ ክሩን ነካ አደረገና ደረቱ ውስጥ የገባውን ድምፅ ሰምቶ መሣሪያውን አልመልስም አለ። አለምብርሃን ሳቀ። "እንግዲያው ተማረው" አለው።

ማስተማር ያውቅበት ነበር፤ ይህን ጠላቱም አይክደው። አንድ ቀን በሥራ ቤቱ ግቢ አራት ሰዎች ሐዲድ ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ አሳየው።

"አየህ፣ እነዚህን ላ፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል በላቸው" አለው። "አንድ ላይ ሲሸከሙ አኮርድ ይባላሉ። ላ ከታች ሆና ስትሸከም ነገሩ ሐዘን ነው፣ ሚነር እንለዋለን። አሁን ላን ከታች አንስተህ ወደ ላይ አሳልፋት፣ ከታች ዶ ይግባ። ሰው አልጨመርክ፣ ሰው አልቀነስክ። ክብደቱን የሚቀበለው ሰው ሲለወጥ ግን ሐዲዱ በሌላ ጎን ያዘነብላል።"

ወደ ክበቡ ሲገቡ ደግሞ በአራቱ ላይ አምስተኛ ጨመረ፣ ሲ የምትባለውን፤ ከላ ተነስቶ ዘጠኝ ብሎ ሲቆጠር የምትገኝ ስለሆነች ዘጠነኛ ይሏታል። ከዚያ "ስማ" አለና ላን ትቶ ዶን፣ ሚን፣ ሶልን፣ ሲን ብቻ በግራ እጁ ተጫነ። መስኮቱ የተከፈተ ቤት ይመስላል፣ ደስ ይላል። "አሁን ያንተን ላ ምታ" አለው። ቡልቻ የላን ክር ባዶውን ሳበው፤ ለላ ጣት አያስፈልጋትም፣ ክሩ ራሱ ላ ነው። ይገርማል፣ እነዚያው አራቱ፣ አንዳቸውም ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ አለቀሱ። አለምብርሃን መነጽሩን አውልቆ "አየህ? እኔ ከላይ የፈለግሁትን ባወራ፣ ምን እንዳልኩ የምትወስነው አንተ ነህ" አለው።

ያቺ ቃል ናት ጉዱን ያመጣችው። ቡልቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ላ የኔ ናት ማለት ጀመረ። ላን የራሱ አደረጋት። አሥራ አንድ ዓመት በክበቡ እሁድ እሁድ ሲጫወቱ፣ ሰዎች ከላይ ላለው ዜማ ሲያጨበጭቡ፣ እሱ ከታች ቆሞ "ያለ እኔ ምን ትሆኑ ነበር" ይል ነበር በሆዱ፤ አንዳንዴም በአፉ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሲሰማ።

በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የጣቢያው ሰዎች ከሥራ ወጥተው መጥተው ካርታ ይጫወታሉ፤ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ደሄቦ አግዳሚ የጎደለው ወዴት እንደሆነ እየዞሩ ያያሉ። ቡልቻ ሳይታዘዝ ሁለት አግዳሚ ተሸክሞ አመጣ። ማንም እግዜር ይስጥህ አላለውም። በካርታው ዙሪያ የነበሩት ሲቀመጥ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ አንደኛው "አዳርሻለሁ፣ ይበቃናል፣ አራት ነን" አለው፣ ሦስት ሆነው ሳለ።

ቢቸግረው ዓብዱልአዚዝን ላከ። ይርገዱን ለብቻዋ አግኝቶ አንዲት ነገር ብቻ እንዲጠይቅለት ነው፤ ከመሞቱ በፊት ስሜን አንስቶ እንደሆነ ጠይቃት አለው። ዓብዱልአዚዝ ተው አቦ፣ ሰልስቱ ይለፍ፣ አርባው ይለፍ ብሎ ለምኖት ነበር። ቡልቻ አልሰማም። ይሄ ሰው መቼ ሰምቶ ያውቃል።

ይርገዱ መልሱን በዓብዱልአዚዝ አልላከችም። ራሷ መጣች። ወገቧን በጥቁር መቀነት አስራ፣ ከሴቶቹ ጎን ተነስታ፣ በወንዶቹ መሐል አልፋ ከበርሜሉ ፊት ቆመች። ካርታው ቆመ።

"አላነሳዎትም" አለች። "አንድ ቀን። አራት ዓመት ስምዎ ከአፉ አልወጣም። ይህን ለማወቅ ከሆነ የመጡት፣ ይኸው አወቁ።"

ቡልቻ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው።

"ልጨምርልዎ? እርስዎ ጥለውት በሄዱ ጊዜ ባንዱ ፈረሰ፣ አለቆቹ መሪነቱን ነጠቁት፣ ሰው ሳቀበት። እኔ አለቀለት ብዬ ነበር። እሱ ግን ቤቱ ገባ። ከሥራ ሲመጣ እራቱን ሳይበላ ፒያኖው ላይ ይቀመጥና ለኔ ይጫወትልኝ ነበር፤ ያውም የደስታ። ክበቡ አሥራ አምስት ዓመት የወሰደብኝን ባል እርስዎ መለሱልኝ። ሄደው ገላገሉን።"

ልትመለስ ዞረችና እንደገና ቆመች። አምና በጥገና ክፍሉ በር ላይ ምን እንዳላት ለነዚህ ሰዎች ይንገራቸው ብላ ጠየቀችው። እሱ አልነገራቸውም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ሄዳ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በቡልቻ አግዳሚ ላይ ከዓብዱልአዚዝ በቀር የቀረ ሰው አልነበረም።

እንዴት እንደተጣሉ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ያወራዋል። የሆነው ይህ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ለክበቡ በዓል፣ አለምብርሃን አንድ የራሱን ዜማ ደረሰ። በዜማው መሐል ያቺ አምስት ድምፅ ያላት አኮርድ ሁለት ጊዜ ትመጣለች። በልምምዱ ጊዜ ለቡልቻ "መጀመሪያ ስትመጣ ላን ምታ፤ ሁለተኛው ላይ ግን ወደ ዶ ሂድና ላን ለኔ ተውልኝ፣ እኔ ከላይ እይዛታለሁ" አለው። አንድ ጊዜ እናልቅስ፣ ሁለተኛው ላይ እንጽናና፣ ሐሳቤ ይኸው ነው ብሎ አስረዳው። ቡልቻ አልገባውም ማለት አይደለም። በደንብ ገብቶታል። ላን ነጥቆ ለራሱ ሊወስድ ነው፣ ለፈረንሳዮቹ አለቆች ሐዘኑን ወደ ዳንስ ሊለውጥላቸው ነው አለ። በልምምዱ ሁሉ ዶን እየመታ ዝም ብሎ ቆየና እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ በሞላበት፣ ሁለተኛው ቦታ ሲደርስ ላን በሙሉ ክንዱ ሳባት።

ላይ ያለችው ላ ከታች ካለችው ጋር ተደራረበችና ነገሩ ከበደ፣ ጭፈራውም ተሰናከለ። አለምብርሃን መጫወቱን አቆመ። ተነሳ፣ በመድረኩ ላይ ተራምዶ መጣ፣ መዳፉን በኮንትሮባሱ ክሮች ላይ አሳርፎ ድምፁን ገደለው። ያን ያህል ሰው እየሰማ "ላ ርስትህ አይደለችም" አለው። ከአለቆቹ ጠረጴዛ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎችም ሳቁ። ቡልቻ በገዛ እጁ አንገቱን የሠራለትን መሣሪያ መሬት ላይ አጋድሞት ወጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተነጋገሩም።

ይህ የሚታወቀው ነው። የማይታወቀው ደግሞ አለ። አምና አለምብርሃን ልቡን ታሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተኛ ይርገዱ ለባሏ ሳትነግር ወደ ጥገና ክፍሉ በር መጥታ ነበር። ሰኔ ነው፣ የድሬ ፀሐይ ሰው ያበስላል። ጥላ እንኳ ሳትፈልግ ቆማ ቡልቻን አስጠራችው፤ አንተ ብቻ ና፣ ሁለት ደቂቃ ቁጭ በልለት፣ ሌላ አልፈልግም አለችው። ቡልቻ "ራሱ ይምጣ" አላት። መቆም አይችልም እኮ አለችው። መዶሻውን አነሳና ጀርባውን ሰጣት። ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ሌሊት ሌሊት ትዝ ሲለው ግን ይዘገንነዋል፣ ይዘገንነውና ደግሞ ንዴቱ ይመለስበታል፣ እሱ መዳፉን ክሬ ላይ ባያደርግ ኖሮ ይላል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

በሰልስቱ ቀን ባይመጣ ደስ ባለው ነበር። ግን የዕድሩ ደንብ ነው፤ ድንኳን የሚያፈርሱት በተራቸው ነው፣ የዚያን ወር ተራ ደግሞ የሱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ምሳ በላ፣ ካህናቱ መርቀው ሄዱ፣ ገመዱ ተፈታ። ቡልቻ ካስማውን እየነቀለ ሳለ ወርቅዬ ከቤት ወጥታ "ጋሼ ቡልቻ፣ እስቲ አንዴ ግባ" አለችው። ወርቅዬ የሟቹ አንድ ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ ነው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍል ታስተምራለች። በእናቷ ዓይን ብታየው ኖሮ ቡልቻን ማናገር አልነበረባትም። እሱም ገባ፤ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም። ፒያኖው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ክበቡ አዲስ ሲገዛ ይሄን አሮጌውን ለአለምብርሃን ሰጥቶት ስምንት ሰው ተሸክሞ ያመጣው ነው፣ ከስምንቱ አንዱ ቡልቻ ነበር። ፒያኖው ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ወርቅዬ ጨርቁን ከፊቱ ገለጠችው፤ ክዳኑን ግን አልከፈተችም። ሐዘን ቤት ውስጥ ዓመቱ ሳይወጣ ዜማ አይሰማም፣ ይህን እሷም አታፈርሰውም።

"አባዬ አጨዋወቱን በእጁ ነው ያስተማረኝ፣ በወረቀት አላውቅም" አለችው። "በየማታው የሚጫወታትን ላሳይህ። አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው።"

ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ የፒያኖውን መሐል ያሳያል። ከዚያ ወደ ግራ በጣቷ እየቆጠረች ሄዳ አራት ጣቶቿን በተዘጋው ክዳን ላይ አሳረፈች። ቡልቻም ቆጠረ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ድምፅ የለም፣ እንጨት ላይ ያረፉ አራት ጣቶች ናቸው። እሱ ግን ሰማው። የዚያ የክበቡ በዓል ዜማ ነበር፣ ያው ቦታ።

"ላ የታለች?" አለ።

"እሱን ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ። አይነካትም። ላይም አይይዛትም፣ ታችም አይመታትም። አንድ ቀን አባዬ ትንሿ ጣትህ ሥራ ፈታች፣ ከታች አንድ ጨምርባት አልኩት። 'ተዪው፣ ሰው አለው' አለኝ።"

ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ባዶ ቦታ አግኝተህ ልትቀመጥ ስትል አጠገቡ ያለው መንገደኛ እጁን ዘርግቶ እንደሚልህ ማለት ነው። ሰው አለው፣ ይመጣል።

"ሰውየው ማነው ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም" አለች ወርቅዬ። "እማዬ ከኋላው ተቀምጣ ትሰፋ ነበር፣ ድምፁን ነው የምትሰማው። እኔ ግን ጎኑ ነበርኩ፣ ፊቱን አይ ነበር። ከትናንት ወዲህ አዝኖ ነበር እላታለሁ፣ የደስታ ነው ትለኛለች፣ ልንጣላ ደርሰናል። ንገረኝ ጋሼ ቡልቻ። ምንድነው የጎደለው?"

አራት ዓመት። በየማታው እዚህ ተቀምጦ፣ ታች ያለውን ቦታ ባዶ ትቶ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ሲጫወት፤ ላ ከስር ብትገባ ያ ሁሉ ደስታ ለቅሶ እንደሚሆን የሚያውቁ በዚህች ከተማ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስሙን አላነሳም አለችው ይርገዱ፤ ታዲያ በየቀኑ ምን ሲያደርግ ኖሯል? ፈልጎት ነበር። ያ ቀጭን፣ ግትር፣ መነጽራም ሰው በየማታው ሲጠብቀው ኖሮ ሞተ፣ እሱ ደግሞ መዶሻ አንስቶ ጀርባውን ሰጠ። መሬት ላይ ተደፍቶ መጮህ አማረው። ሦስት ቀን ያልመጣው እንባ አሁን ዓይኑ ላይ ደረሰ። ሳያስበው የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ክዳኑ ላይ ሄዶ፣ ከወርቅዬ ጣቶች በስተግራ፣ ላ ካለችበት በላይ አረፈ።

"ምን እያሳየሽው ነው?"

ይርገዱ ናት፣ ከጓዳው በር ላይ። ቡልቻን እንደ ሌባ አየችው፤ እጁን ከክዳኑ ላይ እንዲያነሳ የጠበቀች ትመስላለች። ወርቅዬ እሱ ያውቃል እማዬ፣ አብሮት የተጫወተው እሱ ነው አለቻት።

ይርገዱ ለመጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። የበሩን መቃን ያዘች። ሦስት ቀን አልቅሳ ድምጿ ሞቷል።

"እሺ" አለች። "ይንገራት። አዋቂ አይደሉ? ልጄ አባዬ በቤቱ ውስጥ ሲያዝን ኖሮ ነው የሞተው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ደስ ብሎት ነበር እላለሁ፤ ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ። ይንገሩን፣ የደስታ ነው የሐዘን?"

ጥያቄዋ የንቀት ነበር፣ መቃኑን ግን ገና አልለቀቀችውም። ቡልቻ እጇን አየው። ይህቺ ሴት ሦስት ቀን ሙሉ በሰው ፊት አዋርዳዋለች፤ አሁን ደግሞ ሳታውቀው መሣሪያውን በእጁ ሰጥታዋለች። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃዋል። ለኔ ይጫወትልኝ ነበር ያለችው አራት ዓመት ለሌላ ሰው እንደነበር፣ ከኋላው ተቀምጣ እየሰፋች የሰማችው ደስታ የጎደለ ነገር እንደነበር ይነግራታል፤ ከዚያ እሷ ታልቅስ፣ እሱ ቀና ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ይለፍ። መብቱም ነው። እውነት ነዋ። ለአራት ዓመት የፈለጋት ነገር ይህቺ ነበረች፣ አሁን በእጁ ናት፣ ጮክ ብሎ ሊላት ነው። አፉ ላይ ደርሳ ነበር።

አምና በጥገና ክፍሉ በር ላይ፣ በሰኔ ፀሐይ፣ ጥላ ሳትፈልግ እንዴት ቆማ እንደነበር አስታወሰ።

"የደስታ ነው ይርገዱ" አለ። "ቤቱ የሞላለት ሰው ነው እንዲህ የሚጫወተው።"

ይርገዱ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወረደ። "አላልኩሽም?" አለች ለልጇ፣ ቀስ ብላ፣ "አላልኩሽም ወርቄ?" ከዚያ ዓይኗን ስትገልጥ ቡልቻ አሁንም እዚያው ነበር።

"ጨርሰዋል?" አለችው። "እንግዲህ ይሂዱ። ለአርባውም አይልፉ።"

ወርቅዬ ቡልቻን አየችው። ጣቱ የት አርፎ እንደነበር አይታለች፤ ሞኝ ልጅ አይደለችም። አንድ ነገር ልትል ስትል አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀላትና ተወችው።

ቡልቻ ጣቱን አነሳ። ጥቁሩን ጨርቅ ወደ ቦታው መልሶ፣ በግራ በኩል ያጠረውን ጠርዝ ጎተት አድርጎ፣ ክዳኑ እስከ ጥጉ መሸፈኑን በመዳፉ ዳስሶ ወጣ።